«ድገመው» ባትሉትስ?

ፂም የለንም። ዓይን ግን አለን። ታክሲ ውስጥ ጎናችን የሚቀመጡት፣ ካፌ ውስጥ ፊት ለፊታችን ማኪያቶ የሚያማስሉት ወንድሞቻችን አንገታቸው ከመንጋጋ ሥር እስከ ኮሌታ ችፍ ብሎ ስናይ ዝም ማለት አቃተን። ስትጠይቋቸው «ብጉር ነው» ይሏችኋል። አይደለም ወንድም ዓለም፣ የአላላጭ ጣጣ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የአብዛኞቻችን ፀጉር ጥቅልል ነው። ምላጭ ከፀጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ ሲሄድ፣ በተለይ ቆዳው በጣም ተወጥሮ ከተያዘ፣ ፀጉሩን ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ጫፍ ሹል ነው። ሲያድግ ይታጠፍና የገዛ ባለቤቱን ቆዳ ይወጋል። ሰውነት ደግሞ እሾህ እንደገባበት ቆጥሮ ይቆጣል። የሚያብጠውም፣ ቆይቶ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው።

ሁሉም ፀጉር አስተካካዩን ይከሳል። እኛ ደንበኛውን ነው የምንከሰው። አንዴ ተላጭቶ አልቆ፣ በእጁ ጀርባ ጉንጩን ደባብሶ «እዚች ጋ ቀርታለች፣ ድገመው» የሚለው ማን ሆነና? አስተካካዩም ገበያ ነውና ምላጩን ገልብጦ ይደግማል። ልሙጥነቱ አንድ ቀን ይቆያል፤ እብጠቱ ግን ይሰነብታል።

በተለይ አንገት ተንኮለኛ ነው። ጉንጭ ላይ ፀጉር በአብዛኛው ቁልቁል ይበቅላል። ከማንቁርት በታች ግን ብዙ ወንዶች ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ነው። ስለዚህ «ሁሌ ከላይ ወደ ታች» የሚባለው ሕግ እዚያ ሲደርስ ይፈርሳል። ሁለት ቀን ሳትላጩ ቆይታችሁ በጣታችሁ ዳብሱት፤ የሚሻክረው ወገን ተቃራኒው ነው። ይህን ለአስተካካያችሁ ንገሩት፣ አይቀየምም። ማንቁርቱ ላይ ደግሞ ቆዳው ወደ ጎን ተስቦ ከጉብታው ላይ ይነሳል እንጂ ምላጩ ጉብታውን አይሻገርም። (ያኔ ስለ ማንቼና አርሴ መከራከር ይቅር። ቲቪውን ማየትም!)

አገጭ ክብ ነው፣ ምላጩ ቀጥ ያለ። ስለዚህ አጭር አጭር ምት፣ ከጥፍር ስፋት የማይበልጥ። የላይኛው ከንፈር ወደ ጥርስ ተጠቅልሎ ይወጠራል። የሁለቱም ፀጉር ጠንካራ ስለሆነ አረፋው ቀድሞ እነሱ ላይ ተቀብቶ ቢቆይ፣ ከዚያም በፊት በሞቀ ፎጣ ቢለሰልስ ጥሩ ነው። ምላጩ 30 ዲግሪ ገደማ ያዘንብላል፤ ከዚያ በላይ ከቀና ይቆርጣል፣ በጣም ከተኛ ይጎትታል።

ምላጩ ራሱስ? ግማሽ ምላጭ እጀታው ላይ ሲገባ በዓይናችሁ እዩ፣ ከወረቀቱ ሲወጣ። ስለ ኤችአይቪ ሲነገረን ስላደግን ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሄፓታይተስ ቢን ግን እንረሳዋለን። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ክትባቱ በአገራችን መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው በሕፃንነታችን በዚያ መንገድ አልደረሰንም። «አዲስ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አለቆችም ይስሙን። «ፂምህን ሙልጭ አድርገህ ና» የሚል መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን አንገት እየበላ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል እንኳን፣ ያ ሁሉ ሥርዓቱ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዚህ ሕመም የሚሰጠውን ያለመላጨት የሐኪም ፈቃድ እስከ አምስት ዓመት እንዲያገለግል አድርጎ ነበር። በማሽን አንድ ሚሊሜትር ያህል የቀረ ፂም ከባንክ መስኮት ጀርባ ማንን ይረብሻል? እኛ ብር ልናወጣ ነው የምንመጣው።

አሁን ያበጠባችሁ ደግሞ ለአንድ ወር ያህል ምላጩን ተዉት። በመርፌ አትቆስቁሱት። ሎሽኑንም ለጊዜው እለፉት፣ ማቃጠሉ ማዳኑ አይደለም።