ግዙፍ ሰውም ይብረር

ሽንዲ ገበያ በቆሎው ወይም በርበሬው ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎው ጮክ ተብሎ ይጠራል፤ ሻጭም ገዥም ይሰማል። እዚያ ተወልዶ ዛሬ ባሕር ማዶ የሚኖር ዘመዴ ግን ጋይሮፕሌን ማብረር ሊማር ሲመዘገብ ክብደቱን ቀንሶ ጻፈ። ግዙፍ ሰው ነው፤ 120 ኪሎ ይመዝናል። «እውነቱን ካወቁ ይመልሱኛል ብዬ ነው» አለኝ። ፍርሃቱ ይገባኛል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ግን የተደበቀ ኪሎ ነፍስ ያስከፍላል።

በሰውነት ልክ የተነሳ ከሰማይ መከልከል ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያዊው አስመላሽ ዘፈሩ አብራሪ ለመሆን አመልክቶ በ1 ሴንቲ ሜትር ቁመት ማነስ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። እሱም በቮልስዋገን ሞተር የሚሠራ ኬ-570ኤ የተባለ አውሮፕላን በገዛ እጁ ሠርቶ በፈረንጆቹ 2015 ለማብረር ሞከረ። ያ አንድ ሴንቲ ሜትር ምን ያህል እንዳንገበገበው ሥራው ይናገራል። ስለዚህ ግዙፉን ሰው «ይቅርብህ» ብሎ ማሰናበት አልወድም። የሚስማማውን ማሽን ማግኘት ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን እውነተኛው ቁጥር ይታወቅ።

ጋይሮፕሌን ከላይ የሚሽከረከር ክንፍ ስላለው ሄሊኮፕተር ይመስላል። ሞተሩ ግን በበረራ ላይ ያንን ክንፍ አያዞረውም፤ ፕሮፔለሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። የላይኛውን ክንፍ የሚያዞረው ከታች ወደ ላይ የሚያልፍበት ነፋስ ነው። ስፔናዊው ኹዋን ዴ ላ ሲየርቫ የነደፈው አውሮፕላን በፈረንጆቹ 1919 ፍጥነት አጥቶ ከወደቀበት በኋላ፣ ፍጥነቱ ቢቀንስም የማይወድቅ ነገር ሲፈልግ ቆይቶ በ1923 የመጀመሪያውን ጋይሮፕሌን አበረረ። ያም ሆኖ ይህ ማሽን የራሱ አደጋ አለው። አብራሪው መሪውን በድንገት ወደፊት ቢገፋና የላይኛው ክንፍ ጭነቱን ቢያጣ፣ የክንፉ ዙር ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም።

የሰውየው ክብደት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ትንንሾቹ ባለአንድ መቀመጫ ጋይሮፕሌኖች ከአብራሪው ብዙም አይከብዱም፤ ስለዚህ እሱ ራሱ የማሽኑ ሚዛን ግማሽ ነው ማለት ይቻላል። ከባድ ሰው ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ የክብደቱ ማዕከል አብሮ ዝቅ ይላል። ፕሮፔለሩ ከዚያ ማዕከል በላይ ሆኖ የሚገፋ ከሆነ አፍንጫውን ወደ ታች ሊደፋው ይችላል። ለዚህ ነው በቂ ስፋት ያለው አግድም ጭራ የሌለውን ጋይሮፕሌን በርካሽ ቢያገኝ እንኳ እንዳይገዛ የምመክረው። ባለሙያዎች ማሽኑን ከላይኛው ክንፍ ማያያዣ ላይ አንጠልጥለው፣ ባለቤቱን ራሱን አስቀምጠው፣ የአፍንጫውን ዝንባሌ ይለካሉ። ይህ ልኬት በሌላ ሰው ክብደት ከተሠራ ዋጋ የለውም።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። እስከ 500 ኪሎ ይዞ እንዲነሳ የተፈቀደለት ባለሁለት መቀመጫ ማሽን ባዶውን 265 ኪሎ ቢመዝን፣ የሚቀረው 235 ነው። 70 ሊትር ቤንዚን 50 ኪሎ ገደማ ይወስዳል። ዘመዴ ጃኬቱን፣ ጫማውንና የራስ ቁሩን ጨምሮ 125 ይሆናል። ለመምህሩ የሚተርፈው 60 ኪሎ ብቻ ነው! ወይ ቤንዚኑ ይቀነስ፣ ወይ ቀጭን መምህር ይፈለግ፣ ወይ የበለጠ የሚሸከም ማሽን ይመረጥ። በተጨማሪ እያንዳንዱ መቀመጫ የራሱ የክብደት ወሰን አለው፤ ጠቅላላው ስለበቃ ብቻ የፊተኛው ወንበር ይችላል ማለት አይደለም።

ዘመዴ አንድ ቀን የትውልድ አካባቢውን የወንበርማን ማሳ ከላይ ማየት ያምረዋል። ፈቃዱን ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አገኘ እንበል። እዚያው አጠገብ ያለችው ቡሬ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አምስተኛ እጅ ገደማ ይሳሳል፤ ተራ ሞተርም ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። በበጋ ቀትር ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ ማሽኑ 3,000 ሜትር አካባቢ ያለ ያህል ይደክማል። የሻጩ መጽሔት የሚያሳየው የመነሻ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠረፍ የተሰላ ነው፤ ጎጃም ላይ አይሠራም። ለከባድ ሰው ቱርቦ ያለው ሞተር ቅንጦት አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ሮታክስ 914 ለምሳሌ 115 የፈረስ ጉልበቱን እስከ 2,400 ሜትር ግድም ይዞ ይወጣል። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር ለላይኛው ክንፍ አያወፍርለትም፤ መንደርደሪያው ረጅም መሆኑ አይቀርም።

ከመግዛቱ በፊት ደግሞ ወፍራም ልብሱን ለብሶ፣ ቀበቶውን አስሮ ይቀመጥ። መሪውን ሆዱ ሳያግደው እስከ መጨረሻው ወደ ራሱ መሳብ ይችላል? ሲያርፍ የሚያስፈልገው ይኸው እንቅስቃሴ ነው። ጎን ለጎን በሚቀመጡበት ማሽን ትከሻው ከመምህሩ ትከሻ ጋር ሲጋፋ እጁ ይታሰራል፤ ፊትና ኋላ የሚቀመጡበት ይሻለው ይሆናል፤ የፊተኛው ወንበር ወሰን ከፈቀደለት።

የማሠልጠኛዎቹም ድርሻ አለበት። ተማሪው ክብደቱን በቅጽ ላይ እንዲሞላ ከሚያደርጉ በር ላይ ሚዛን ያስቀምጡ፤ ሁሉንም፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም፣ በአክብሮት ይመዝኑ፤ ቁጥሩን ካዩ በኋላ «ለእርስዎ የሚሆነው ይህኛው ነው» ብለው ወደ ማሽኑ ይምሩት።