ሳይቃጠል በቅጠል፦ የስኳር በሽታን ስለ መከላከል

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌ በጎልማሳነት ዘመን ለሚመጣው፥ ሁለተኛው ዓይነት ለሚባለው የስኳር በሽታ እጅግ የሚስማማ ነው። ይህ በሽታ ድምፁን አጥፍቶ ይገባል፤ ዓመታት ከቈየ በኋላ ግን የዓይንን ብርሃን ይቀንሳል፥ ኵላሊትን ያደክማል፥ ልብን ይጐዳል፥ እግርንም እስከ ማስቈረጥ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ የሐኪም ርዳታ የሚናቅ ባይሆንም፥ ወጪው ለቤተ ሰብም ለመንግሥትም ከባድ ሸክም ነው።

በሽታውን አስቀድሞ መከላከል እንደሚቻል በግምት የተነገረ ሳይሆን በምርመራ የተረጋገጠ ነው። በቻይና በዳቺንግ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በ577 ሰዎች ላይ ጥናት ተዠመረ። በፊንላንድም በ522 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት በ2001 ታተመ። በአሜሪካ ደግሞ በ27 ማእከሎች 3,234 ሰዎች የተካፈሉበት ምርመራ በ2002 ታትሞ ወጣ። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ክፍል ከሰውነቱ ክብደት 7 ከመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል እንዲራመድ ወይም ሌላ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ተመከረ፤ በየጊዜውም ተከታታይ ተደረገለት። ፍሬ የሌለው የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ጋራ ሲመዛዘን፥ በነዚህ ሰዎች ዘንድ በሽታው በ58 ከመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት በዋጡት ዘንድ የቀነሰው ግን በ31 ከመቶ ነበር።

የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን መሠረት አድርጎ በ2010 ዓ.ም. አገር አቀፍ የመከላከያ ሥራ እንዲቋቋም በሕግ ፈቀደ። ሆኖም ዛሬም በዚያ አገር ከሦስት ጎልማሶች አንዱ፥ ከዚያም በላይ፥ ወደ በሽታው በሚያደርሰው መንገድ ላይ ይገኛል፤ አብዛኛውም ሰው ይህን አያውቅም። በመጽሔት የታተመ ዕውቀት በገዛ እግሩ ተራምዶ ወደ መንደር አይደርስም። የሚያደርሰው በየአውራጃው የተቋቋመው የጤና ጽሕፈት ቤት ነው።

ችግሩም ከዚህ ላይ ይገኛል። ከነዚህ ጽሕፈት ቤቶች ብዙዎቹ የሚያገለግሉት ከ50,000 የማይበልጥ ሕዝብ ሲሆን ሠራተኞቻቸው ጥቂቶች ናቸው። ምግብ ቤቶችን የሚመረምሩት፥ ክትባትን የሚያከናውኑት፥ ተላላፊ በሽታን የሚከታተሉት እነዚሁ ናቸው። ጊዜ ያጥራል፤ ገንዘቡም ለአንድ ዓመት ተሰጥቶ ያቋረጣል። ስለዚህ ሥራው በማስረጃ ሳይሆን በልማድ ይመረጣል። አንድ ቀን በአደባባይ ነጻ የደም ምርመራ ይደረጋል፥ ጽሑፍ ይታደላል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ማታ ሕዝቡ ሲበተን ሥራውም አብሮ ይበተናል። ጥቅሙ የተረጋገጠው ግን ለዓመት ያህል እየተሰበሰቡ በመማርና በመመዛዘን ነው።

በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ይህን ጕድለት መርምረው፥ ለጤና ጽሕፈት ቤት የሚያስፈልጉትን በአምስት ከፍለው አስቀመጡ። እነርሱም ማስረጃን የሚጠይቅ አለቃ፥ ሠራተኛን ማሠልጠን፥ አዲስ ነገርን ለመማር የሚፈቅድ የመሥሪያ ቤት ልማድ፥ ከሌሎች ድርጅቶች ጋራ መተባበርና በጀትን በሥርዓት መደልደል ናቸው። ከነዚህ ውስጥ አንድም መድኃኒት የለም፤ ሁሉም የአስተዳደር ሥራ ነው። እንግዲህ የዚህ በሽታ መከላከያ የሐኪሙ ብቻ ሳይሆን የአስተዳዳሪውም ተግባር መሆኑ ግልጽ ነው።

ነጋዴውም ከዚህ ውጪ አይደለም። በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ወወክማ በአዳራሾቹ ይህን ትምህርት ለ92 ሰዎች በተደረገ ሙከራ ፈተነው፤ ውጤቱም በ2008 ዓ.ም. ታተመ። አስተማሪዎቹ ሐኪሞች ሳይሆኑ የሠለጠኑ የማኅበሩ ሠራተኞች ነበሩ። በጉባኤ የተማሩት ክብደታቸውን 6 ከመቶ ሲቀንሱ፥ አጭር ምክር ብቻ የተሰጣቸው የቀነሱት 2 ከመቶ ነው። ለዚህ ሥራ አዳራሽ፥ ወንበርና ሚዛን እንጂ ትልቅ ሆስፒታል አላስፈለገም። አዳራሽ ያለው ነጋዴ በሳምንት አንድ ሰዓት በሩን ቢከፍት፥ ብዙ ሠራተኞች ያሉትም ለትምህርቱ ጊዜ ቢፈቅድላቸው፥ ሠራተኛው በጤና ሲቈይ ትርፉ ለራሱም ይደርሳል።

«በባዕድ አገር የተሞከረ ለሌላው አይስማማም» የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን በአሜሪካው ምርመራ ከተካፈሉት እኩሌታ የሚጠጉት ከልዩ ልዩ ጥቂት ሕዝቦች ወገን ነበሩ፤ ጥቅሙም በሁሉም ዘንድ ታየ። ወደ እስራኤል በሄዱት ኢትዮጵያውያን ዘንድም ኑሮና ምግብ ሲለወጥ የስኳር በሽታ መብዛቱ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ጕዳዩ የማንም ሕዝብ ብቻ አይደለም። መጠበቅ የሚገባው የሥራው መሠረት ነው፦ ክብደትን መቀነስ፥ መንቀሳቀስ፥ ዘወትር መገናኘት። የቀረው እንደ አገሩ ይለወጥ፤ እንጀራ የሚበላው ስለ እንጀራው መጠን ይማር፥ ሩዝ የሚበላው ስለ ሩዙ።

ብልህ ነጋዴ ዕቃን ሳይመዝን አይገዛም። አስተዳዳሪም በበጀት ላይ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል፦ ይህ ሥራ ከዚህ ቀደም ተሞክሮ ምን ውጤት ሰጠ? የሚሠራውስ ሰው ሠልጥኗል? በዓመቱ መጨረሻ ፍሬው በምን ይለካል? ይህን ሳይጠይቅ ቀርቶ እግር ከተቈረጠ፥ ዓይንም ከጠፋ በኋላ መቈጨት፥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት መፈጸም ነው።