በገና ሌሊት ኮም ኦምቦ ምን እንሠራለን?

ዕቁብ ብለን እንጥራው እንጂ ዕጣ የማይወጣበት ዕቁብ ነው። አሥራ አራት ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዛችን እየቆነጠርን ያጠራቀምነውን ገንዘብ አንድ ላይ ተጉዘን እንድንበላው ተስማማን። ወዴት? ቱርክ ተነሣ፣ ታይላንድ ተነሣ፤ በመጨረሻ ግብፅ አሸነፈች። መቼ? በገና ሰሞን፤ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ የዓመት ፈቃድም ይገኛል። እስከዚህ ድረስ እኔም እጄን ካወጡት አንዱ ነኝ። ጠቡ የተጀመረው የጉዞ ወኪሉ ፕሮግራም የመጣ ዕለት ነው።

ፕሮግራሙ ባለቀለም ነው። ስምንት ቀን፣ ሰባት ሌሊት። ካይሮ ሁለት ቀን፤ ፒራሚድ፣ ቤተ መዘክር፣ የፓፒረስ ሱቅ፣ የሽቶ ሱቅ። ከዚያ በአውሮፕላን ሉክሶር። ከሉክሶር በመርከብ ወደ አስዋን፤ መንገድ ላይ ኤድፉና ኮም ኦምቦ። ከአስዋን ሌሊት ተነሥቶ አቡ ሲምበል። ከዚያ ተመልሶ ካይሮ፣ ተመልሶ ቦሌ። ቀኖቹን ከእኛ አቆጣጠር ጋር ባስተያይ፣ ታኅሣሥ 28 ማታ ኮም ኦምቦ ላይ በጨርቅ ተገንዞ የደረቀ የአዞ ሬሳ ስናይ እናመሻለን። በማግስቱ፣ በገና ዕለት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተቀስቅሰን ቁርሳችንን በካርቶን ይዘን ወደ አቡ ሲምበል እንነጉዳለን።

ለመሆኑ የግብፅ ክርስቲያኖች ገናን የሚያከብሩት መቼ ነው? ከእኛው ጋር ነው፤ በዚያችው ሌሊት ይቀድሳሉ። ወሩን ኪያክ ይሉታል፤ የእኛ ታኅሣሥ ነው። ዓመታቸው ከእኛው መስከረም አንድ ይጀምራል፣ አሥራ ሦስት ወር አለው፣ ጳጉሜንም አላቸው። የሚለያየን የዓመቱ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከእኛ ላይ 276 ብትቀንሱ የእነርሱን ዓመተ ሰማዕታት ታገኛላችሁ። በዚህ አቆጣጠር የሚሄዱ ሕዝቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኛ ከነዚህ ሰዎች አገር ለገና ሄደን፣ ገናን ከደረቀ አዞ ጋር ልናሳልፍ ሁለት ዓመት ስንቆጥብ ኖረናል!

ይህንን በስብሰባው ላይ ባነሣ፣ ወኪሉ የላከው ጎልማሳ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ እሱ እኮ ሃይላይት ውስጥ አይገባም» አለኝ።

ሃይላይት! ይህ ዝርዝር እንደ ጽላተ ሙሴ ከሰማይ የወረደ ይመስል አንድ ሰው ማን እንዳወጣው አይጠይቅም። ቶማስ ኩክ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጠጥ ተቃዋሚዎችን በባቡር ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በማጓጓዝ ሥራ ጀመረ። በ1869፣ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት ዓመት፣ የመጀመሪያዎቹን ደንበኞቹን ይዞ ግብፅ ገባ። ኋላ ኩባንያው በዓባይ ላይ የእንፋሎት መርከቦችን አሰማርቶ የት እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ወሰነ። መርከቡ የቆመበት ሁሉ «ድንቅ» ተባለ። ያው ኩባንያ በ1884 ጎርደንን ለማዳን ወደ ካርቱም የሚዘምተውን የእንግሊዝ ጦር በውል ተቀብሎ በዚያው ወንዝ አጓጉዟል። እውነቱን ለመናገር የኩክ ጉዞ ከእኛው ይሻላል፤ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅ ነበር። የዛሬዎቹ ከዚያ ላይ መሐሉን ቆርጠው ጣሉትና ጫፍና ጫፉን አስቀሩልን። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታጣቂዎች ጥቃት በበረታ ጊዜ መካከለኛው ግብፅ ከጎብኚ መንገድ ወጣ፤ አውሮፕላኑ ከላይ እየዘለለው ቀረ።

እንግዲህ ያ የተዘለለው መሐል ምን አለበት? ቁስቋም አለበት።

ሽሮ ሜዳ ላይ «ቁስቋም ወራጅ አለ» የሚል ተሳፋሪ ሁላችንም ሰምተናል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር ዳር ያሠሩትንም ቁስቋም ብዙዎቻችን ጎብኝተናል። ከመስከረም 26 ጀምሮ ማኅሌተ ጽጌ እየተቆመ፣ ኅዳር 6 የሚከበረው በዓል ስሙ ቁስቋም ነው። እውነተኛው ቁስቋም ግን ግብፅ ውስጥ፣ በአስዩጥ ክፍለ ሀገር፣ ቁሲያ ከምትባል ከተማ በስተ ምዕራብ በረሃው አፍ ላይ ነው። ገዳሙን አል ሙሐረቅ ይሉታል። እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደቷ ወራት ያረፈችበት ነው ተብሎ ይታመናል። ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም በየዘመኑ በእግራቸው እየሄዱ ኖረውበታል። በእግራቸው! እኛ በአውሮፕላን ሄደን በላዩ ልናልፍ ነው። ከካይሮ ወደ ሉክሶር የሚወርደው የባቡር ሐዲድ በዚያው በአስዩጥ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከመንገድ ውጣ የሚለን የለም።

ይህ የክርስቲያኖች ነገር ብቻ እንዳይመስል። ከዕቁባችን መካከል ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ፕሮግራሙ ለእነርሱም ያዘጋጀው ፓፒረስና ሽቶ ነው። ካይሮ ላይ አል አዝሃር አለ፤ ግንባታው በ970 (እ.ኤ.አ.) ተጀመረ። ከየአገሩ ለመጡ ተማሪዎች ማደሪያ ክፍል ነበረውና፣ አንዱ የጀበርቲዎች ሪዋቅ ይባል ነበር፤ ከእኛ አካባቢ ለሄዱ ደረሶች የተመደበ ነው። ናፖሊዮን በ1798 ካይሮን ሲይዝ ቀን በቀን የጻፈው ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አል ጀበርቲ ዘሩ ከነዚያ ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ፈረንሳዮች ስለ ወረራው ያወሩትን ለማጣራት ዓለም ዛሬም የእሱን መጽሐፍ ይገልጣል። አስጎብኚው ግን በዚያ መስጊድ በር ላይ ቢያልፍ እንኳ አውቶቡሱ አይቆምም።

የገረመኝ ደግሞ የሮዳው ነገር ነው። ካይሮ መሐል በሮዳ ደሴት ጫፍ ላይ በ861 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የዓባይ መለኪያ አለ። ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ በደረጃ ይወረዳል፤ መካከሉ ላይ በክንድ የተከፋፈለ የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። ውኃው አሥራ ስድስት ክንድ ሲደርስ ዘመኑ ጥጋብ ነው፤ ግብሩም በዚያ ልክ ይጣላል። ሳይደርስ ከቀረ ረኃብ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ዓምድ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲለካ የኖረው የእኛን ክረምት ነው። ጎጃም ላይ ሐምሌ የዘነበው ዝናብ እዚያ በክንድ ተቆጥሮ የካይሮ ገበሬ ግብር ይከፍልበት ነበር። ለኢትዮጵያዊ ከዚህ የበለጠ የሚያስደምም ነገር ካይሮ ውስጥ አለ? ጉብኝቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በዝርዝሩ ላይ የለም።

ለሌላው ሰዓት ተገኝቷል ወይ ብንል ሂሳቡ ያሳፍራል። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የግብፅ ቤተ መዘክር ከቱታንኻሙን መቃብር የወጣው ብቻ ከ5,000 ዕቃ በላይ ነው። ፕሮግራሙ ለሕንፃው በሙሉ ሁለት ሰዓት ሰጥቶታል። ለአንዱ ዕቃ አንድ ሰከንድ ተኩል አይደርስም፤ ያውም ሌላውን ምንም ሳናይ። ለሁለቱ ሱቆችም እንደዚያው ሁለት ሰዓት! እንግዳ ይዞ የመጣ አስጎብኚ ከሽያጩ ኮሚሽን እንደሚቆረጥለት ያልሰማ ካለ ይስማ።

ኮም ኦምቦንም ቢሆን አልጠላሁትም። የምጠላው የሚነገረንን ግማሽ ወሬ ነው። የአስዋን ግድብ ሐይቅ ሊሞላ ሲል የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች ከ1964 እስከ 1968 (እ.ኤ.አ.) ተቆርጠው 65 ሜትር ወደ ላይ ተነሡ፤ ይህንን በኩራት ይነግሩናል። 50,000 ያህል የኑቢያ ሰዎች ግን በዚያው ሰሞን ከመንደራቸው ተነሥተው የሰፈሩት በዚሁ በኮም ኦምቦ ዙሪያ ነው። መርከቡ ቆሞ አዞውን ያሳየናል፤ ሰዎቹን አያሳየንም። በሱዳን በኩል የተነሡት ደግሞ ካሽም ኤል ጊርባ፣ የእኛው ተከዜ በሚገባበት በአትባራ ወንዝ ዳር ነው የሰፈሩት።

ወኪሉ በጽሑፍ የሰጠን ምክርም አለ፦ «ስለ ግድቡ ከአገሬው ሰው ጋር አታውሩ»። የኛ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ግብፆች ስናወራ፣ ግብፆችም ስለ እኛ ሲያወሩ ኖረናል፤ ከመካከላችን ግን ከአንድ ግብፃዊ ገበሬ ጋር ሻይ የጠጣ የለም። አሁን ገንዘባችንን ከፍለን፣ አገራቸው ድረስ ሄደን፣ በመስታወት ውስጥ ሆነን እያየናቸው ልንመለስ ነው። እኔ በበኩሌ ፀብ አልፈልግም። ነገር ግን የገና ዕለት ከቅዳሴ ሲወጣ የሚያገኘኝ አስዩጣዊ ከየት ነህ ቢለኝ፣ ከጣና በላይ ነኝ እለዋለሁ። የሚለውን እሰማለሁ።

ወዳጆቼ የሚሉኝን አውቃለሁ። «አንተ ደግሞ፣ ዕድሜ ልካችንን አንዴ ነው የምንሄደው፤ ፒራሚድ ሳናይ ልንመለስ ነው?» ማን አለ? ፒራሚዱን እንይ፤ ካርናክም 134ቱን ዓምዶች አንገታችን እስኪዞር እንይ። እኔ የጠየቅሁት መርከቡን እንድንተወው ነው። ሦስቱን የመርከብ ሌሊት ብንሰርዝ ለካይሮ ሁለት ቀን ይጨመራል፣ አንዱ ቀን ለቁስቋም ይሆናል። ወደዚያ አካባቢ ለሚሄድ የውጭ አገር ሰው ፖሊስ አጃቢ ሊመደብ ይችላል ይላሉ፤ ይመደብ! አቡ ሲምበል ይቅር፤ ሌሊት ተነሥቶ 280 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ሁለት ሰዓት ቆሞ፣ 280 ኪሎ ሜትር መመለስ ጉብኝት ሳይሆን የጭነት መኪና ሥራ ነው።

ባለፈው እሑድ ድምፅ ተሰጠ። ሰባት ለመርከቡ፣ ስድስት ለእኔ። የዕቁቡ ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ ድምፃቸውን ሳይሰጡ ፕሮግራሙን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «እትዬ፣ ምን ወሰኑ?» ብላቸው መልስ አልሰጡኝም። ልጃቸው እንደነገረችኝ ግን ማታ መነጽራቸውን አድርገው ታኅሣሥ 28ን በቀይ እስክሪብቶ ከበቡት።