ሦስተኛው ጀግና በየት በር ይግባ?

ባለፈው ሳምንት ቸርችል ጎዳና ዳር ካለች አንዲት ቡና ቤት ተቀምጠን ተከራከርን። ክርክሩ ስለ ፈተና አልነበረም፤ ስለ ጀምበርና ስለ ሃዊ ነበር። እጣን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. ጀምበርን አውጥቶ ሃዊን ካስከተለ ወዲህ፥ የሥዕል ታሪክ የሚያነብ ተማሪ ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ጀግና ይተነብያል። ጥያቄው መልካም ነው። መልሶቹ ግን አሳፈሩኝ።

አንደኛው ወገን «ማንነቱ የተሰወረ የነገሥታት ዘር ይሁን» ይላል። ወንድሜ ሆይ፥ የዘር ቆጠራን ከቤተ መንግሥት አስወጥተን በሥዕል መጽሐፍ ልናነግሠው ነውን? ባልቻ አባ ነፍሶ በልጅነቱ ተማርኮ የመጣ ሰው ነው። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ስሙን ያስጠራው መድፉ እንጂ አያቱ አይደለም። የፈረስ ስም እንደ ርስት አይወረስም!

ሁለተኛው ወገን ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ «ከየብሔረሰቡ አንድ አንድ ይግባ፥ ማንም ቅር አይበለው»። ቅሬታው እውነት ነው፤ ራሱን በመጽሐፍ ገጽ አይቶ የማያውቅ ብዙ ነውና። መድኃኒቱ ግን ሐሰት ነው። ዝርዝር ለመሙላት የገባ ጀግና የአገሩን ልብስ ለብሶ ከኋላ ይቆማል፤ አይናገርም፥ አይሳሳትም፥ አይራብም። ይህ መከበር አይደለም፤ ለፎቶግራፍ መጠራት ነው።

«ብላክ ፓንተርስ ንጉሥ አይደለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። ነው። ነገር ግን ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1966 እ.ኤ.አ. በፋንታስቲክ ፎር መጽሐፍ ሲያስገቡት፥ ዘውዱን ይዞ ለመታየት አልመጣም። አራቱን ጀግኖች ወደ አገሩ ጋብዞ ገጠማቸው፤ የአባቱን ገዳይ ከመግጠሙ በፊት ራሱን ሊፈትን ነበርና። የራሱን ቁስልና የራሱን ጉዳይ ይዞ ስለ ገባ በእንግድነት አልቀረም።

የእኛው ጀምበርስ? አማኑኤል ጥላሁን ከኮሌጅ ተመርቆ ሥራ ያጣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ኃይል ከማግኘቱ በፊት ችግር ነበረው፤ ችግሩም የእኛው ነው። ስለዚህ አመንነው።

ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወጥታችሁ ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ተመልከቱ። ጦር አልነበራቸውም፤ በ1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች ተገዙ ቢሏቸው እምቢ አሉ፥ ተረሸኑም። ጀግና ያደረጋቸው ያ እምቢታ ነው።

እንግዲህ ትንቢት ያለው ሁሉ ሦስት ጥያቄ ይመልስ፦ አዲሱ ጀግና ምን ጎድሎታል? እምቢ የሚለው ለማን ነው? እርሱ ሲመጣ ጀምበርና ሃዊ በምን ይለወጣሉ? መልስ ያለው ብዕሩን ያንሣ፤ ይህ ገጽ ክፍት ነው። መልስ የሌለው ግን ቡናውን ጠጥቶ ወደ ጥናቱ ይመለስ።