መሀሉ የማን ነው?

የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ «ጎ» የሚባለውን የሩቅ ምሥራቅ ጨዋታ ከስልክ ተምራ ለእኔም አስተማረችኝ። ስልኩ ዓይኔን ስለሚያደክመኝ ካርቶን ላይ 19 መስመር ቁልቁል፣ 19 መስመር አግድም አሰመርን። ጠጠራችን 181 ቀይና 180 ነጭ ቦሎቄ ነው፤ ከእናትየው ጓዳ የወጣ ሲሆን እስካሁን መልሱ አልተባልንም።

ጠጠሩ ተራ በተራ የሚቀመጠው መስመሮቹ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ነው። ከተቀመጠ በኋላ አይንቀሳቀስም፤ ዙሪያውን ከተከበበ ግን ይነሣል። መጨረሻ ላይ ብዙ ባዶ ቦታ ያጠረ ያሸንፋል።

ልጅቱ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከመሀል ነበር። ሦስት ቅዳሜ ተሸነፈች። በአራተኛው «ሁለተኛ አልጫወትም» ብላ ካርቶኑን ገፋችው። እኔም «ከጥግ ጀምሪ ብዬሽ ነበር፣ መች ትሰሚያለሽ» አልኳት። ማለት አልነበረብኝም።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። እሷ የተማረችው 9 በ9 በሆነው የጀማሪዎች ሰሌዳ ነው። እዚያ መሀሉ ለአራቱም ጠርዝ ቅርብ ስለሆነ በእሱ መጀመር ጥሩ ነው። ያወቀችውን ይዛ ነው ወደ ትልቁ ሰሌዳ የመጣችው። ሰሌዳው ሲሰፋ ግን ሂሳቡ ይለወጣል።

ይቅርታ ጠየቅኳትና ሂሳቡን በቦሎቄ ሠራነው። ሦስት በሦስት የሆነ፣ ማለትም ዘጠኝ ነጥብ ያለው ባዶ ቦታ ለማጠር ጥግ ላይ 6 ፍሬ ይበቃል፤ ሁለቱ የሰሌዳ ጠርዞች አጥር ይሆኑልናል። አንዱን ጠርዝ ብቻ ተጠግተን ስናጥር 9 ያስፈልገናል። መሀል ላይ 12። ግቢው ጥግ ጎመን የተከለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ለዚህ ነው ተጫዋቾች መጀመሪያ ጥጎቹን፣ ቀጥሎ ጎኖቹን፣ በመጨረሻ መሀሉን የሚይዙት። ጥጉ ራሱ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ከጠርዙ ሦስተኛው ወይም አራተኛው መስመር ላይ ነው፤ ሦስተኛው ቦታ ይይዛል፣ አራተኛው ወደ መሀል ያያል።

«ታዲያ መሀሉን የሚደፍር የለም?» አለች። አለ እንጂ! ቻይና ተወልዶ በልጅነቱ ጃፓን የገባው ጎ ሴይገን፣ በ1933 እ.ኤ.አ. ገና በ19 ዓመቱ ታላቁን መምህር ሆኒንቦ ሹሳይን ሲገጥም የመጀመሪያ ጠጠሩን አንድ ጥግ፣ ሁለተኛውን በትይዩው ጥግ፣ ሦስተኛውን እመሀሉ ላይ ቁጭ አደረገው። በ2 ነጥብ ተሸነፈ፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ እሱ አከፋፈት ነው። የእኔዋ ይህን ስትሰማ ካርቶኑን መልሳ ዘረጋችው።

ወላጆች፣ ልጁ ደስ ይበለው ብላችሁ ሆን ብላችሁ አትሸነፉ፤ ያውቁባችኋል። ጨዋታው ራሱ መላ አለው፦ አቅሙ ያነሰው ተጫዋች ገና ሳይጀመር ከ2 እስከ 9 ጠጠር ያስቀምጣል። እኛ በአራት ጀመርን፤ አራቱም ጥግ የእሷ ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ አሸነፈችኝ። ለነገው ሦስት ይበቃኛል ብላለች።