እንግዳ ሆኖ እውነት መናገር

በመካከላችን አዘውትሮ የሚሰማ አንድ ምክር አለ። ይኸውም «የሰው አገር ነው፤ አንገትህን ደፍተህ ትምህርትህን ጨርስ» የሚለው ነው። ምክሩ የጨዋነት መልክ ቢኖረውም ሙሉ እውነት ነው ብዬ አላምንም። በእንግሊዝ ሲኒማ ታሪክ ውስጥ የኤሜሪክ ፕሬስበርገር ሥራ ተቃራኒውን ያሳየናል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሬስበርገር በ1902 በሃንጋሪ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በፕራግና በሽቱትጋርት ምሕንድስና ሲማር አባቱ ስለሞቱ ትምህርቱን አቋረጠ። በርሊን የፊልም ድርሰት ጸሐፊ ሆነ፤ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ወደ ፓሪስ፣ በ1935 ደግሞ ወደ ለንደን ተሰደደ። በሃንጋሪ ኢምሬ፣ በጀርመን ኤመሪኽ፣ በእንግሊዝ ኤሜሪክ ተባለ። ስሙን እንኳ በየአገሩ የለወጠ ሰው ዝም ለማለት በቂ ምክንያት ነበረው። እርሱ ግን ከእንግሊዛዊው ማይክል ፓወል ጋር በእኩልነት ተጣምሮ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋመ። ድርሰቱም፣ ፕሮዳክሽኑም፣ ዳይሬክተርነቱም በሁለቱ ስም በአንድነት ይጻፍ ነበር።

በ1943 የወጣው «የኮሎኔል ብሊምፕ ሕይወትና ሞት» በጦርነቱ መካከል የእንግሊዝን አሮጌ መኮንን አስተሳሰብ የሚተች ነው። በዚያ ላይ የመኮንኑ የልብ ወዳጅ ጀርመናዊ ነው፤ ከናዚዎች ሸሽቶ በእንግሊዝ ባለ ሥልጣን ፊት ጥገኝነት ሲለምን የሚናገረው ቃል ከፊልሙ ሁሉ ልብ የሚነካው ክፍል ነው። ቸርችል ፊልሙ እንዳይሠራ ፈልገው ነበር። ሎውረንስ ኦሊቪየር ከባሕር ኃይል ተለቅቆ እንዳይጫወትበትም ተከለከለ። ፊልሙ ግን በሌላ ተዋናይ ተሠርቶ ወጣ።

ፕሬስበርገር የእንግሊዝ ዜግነት ባገኘበት በ1946 ደግሞ «የሕይወትና የሞት ጉዳይ» ታየ። አንጎሉ የተጎዳ አንድ አውሮፕላን አብራሪ የሌለ የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ ይሸተዋል፤ ሕክምና ለምንማር ሰዎች ይህ የታወቀ የሚጥል በሽታ ምልክት ነው፤ ደራሲዎቹ ነገሩን አጥንተው እንደ ጻፉት ያስታውቃል። አብራሪው በሰማይ ችሎት ሲቆም ከሳሹ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በእንግሊዝ ጥይት የሞተ ሰው ነው። መጀመሪያ ከተሰየሙት ዳኞች መካከልም አየርላንዳዊ፣ ሕንዳዊ፣ ቻይናዊና ቦየር አሉ። አዲሱ ዜጋ የተቀበለችውን አገር በበደለቻቸው ሕዝቦች ፊት አቆማት፤ ግን በፍቅር እንጂ በጥላቻ አልነበረም።

«ይህ በእንግሊዝ አገር ነው፤ በሌላ አገር እንግዳ ቢናገር ይባረራል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት አለው፤ ቸርችልም ፊልሙን ለማገድ ሕግ አልፈቀደላቸውም። ነገር ግን እኛ ዝም የምንለው በባዕድ ፊት ብቻ ነውን? በራሳችን ስብሰባና በራሳችን ጋዜጣ ማን ከለከለን? ፕሬስበርገርን ያስከበረው ድፍረቱ ብቻ ሳይሆን የሚናገረውን ነገር ጠንቅቆ ማወቁ፣ የተቀበለውንም ሰው ሳይንቅ መናገሩ ነው።

ሁለቱ በ1957 ተለያዩ፤ ለብዙ ዓመታትም ተዘነጉ። በ1981 የብሪታንያ የፊልም አካዳሚ ከፍተኛ ክብሩን ለሁለቱም ሰጠ። ፕሬስበርገር በ1988 አረፈ።

ስለዚህ በሚቀጥለው የፊልም ምሽታችን ከሁለቱ ፊልሞች አንዱ እንዲታይ፣ ከዚያም ውይይት እንዲደረግበት ሐሳብ አቀርባለሁ። ውይይቱ ላይ ግን ሁላችንም እንናገር።