አምስት ምሳሌ አንድ ማረጋገጫ አይሆንም

አንድን ሙሉ ቁጥር «ተጋማሽ ነው»፣ «ብቸኛ ነው» ብሎ መመደብ በአንደኛ ደረጃ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ ትምህርት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በእኛ አስተያየት ግን ምደባ ስም መለጠፍ ሳይሆን ፍርድ መስጠት ነው፤ ፍርድ ደግሞ ማስረጃ ይሻል። ለዚህም 4,294,967,297ን በምስክርነት እንጠራለን።

ይህ ቁጥር 2³²+1 ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሰውና የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የ2 ርቢ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሲሆን በውጤቱ ላይ 1 ቢደመር የሚገኙትን 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537ን ተመለከተ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። ርቢውን እጥፍ እያደረግን ብንቀጥል ሁልጊዜ ብቸኛ ቁጥር እናገኛለን ብሎም አመነ፤ ማረጋገጫ እንዳላገኘለት ግን በወቅቱ አልሸሸገም። ቀጣዩ ባለተራ 4,294,967,297 ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1732 ሊዮናርድ ኦይለር ይህ ቁጥር 641 × 6,700,417 መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ቁጥሩ ኢ-ተጋማሽ ቢሆንም ብቸኛ አይደለም፤ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው። ከራሱ ያነሱት አካፋዮቹ 1፣ 641 እና 6,700,417 ብቻ ናቸው።

አካፋዩን በሙከራ ብቻ እንፈልግ ብንል ከ65,536 በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 6,542 ናቸው። የቁጥሩ ብቸኛ አካፋዮች ሁሉ ለ64 ሲካፈሉ 1 ቀሪ እንደሚተዉ ያወቀ ሰው ግን 193ን፣ 257ን፣ 449ን እና 577ን ሞክሮ በአምስተኛው 641 ላይ ይደርሳል። የሒሳብ መኪና ፈጥኖ ያካፍላል፤ በየትኛው ቁጥር ማካፈል እንደሚገባ ግን አይነግረንም።

ማካፈል ሳያስፈልግም ጉዳዩን ማረጋገጥ ይቻላል። 641 ማለት 5⁴+2⁴ ነው፤ ስለዚህ በ2²⁸ ሲባዛ የሚገኘው 5⁴×2²⁸+2³² ለ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። በሌላ በኩል 641 ማለት 5×2⁷+1 ነው። ማንኛውም ቁጥር አራተኛ ርቢው ላይ 1 ሲቀነስ ውጤቱ በቁጥሩና በ1 ድምር ስለሚካፈል፣ 5⁴×2²⁸−1ም ለ641 ይካፈላል። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ብንቀንስ 2³²+1 ይቀራል፤ እርሱም የግድ ለ641 ይካፈላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚባለው ይህ ነው።

«ለፈተና የሚጠቅመው መልሱ ነው» የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። ሆኖም ጥቂት ምሳሌዎችን አይቶ «ስለዚህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» ማለትን የለመደ ተማሪ፣ በቤተ ሙከራም ሆነ በሕይወቱ ሦስት አጋጣሚዎችን ሕግ አድርጎ መቀበሉ አይቀርም። መምህራን ትርጓሜዎችን ከማስሸምደድ አልፈው «ለምን?» እንዲያስጠይቁ፣ ተማሪዎችም ያለ ማረጋገጫ የተሰጣቸውን ምደባ በቀላሉ እንዳይቀበሉ እንመክራለን።

ፈተናው ዛሬም አለ። ከ4,294,967,297 ጀምሮ ያሉት 28 ተከታታይ የፌርማ ቁጥሮች ብቸኛ አለመሆናቸው ታውቋል፤ ከአምስቱ ሌላ ብቸኛ የፌርማ ቁጥርም እስካሁን አልተገኘም። ታዲያ «ከእንግዲህ አይገኝም» እንበልን? አምስት ምሳሌ ፌርማን ካሳሳተ፣ 28ቱም እኛን ሊያሳስቱን ይችላሉ። ማረጋገጫው እስኪገኝ ጥያቄው ክፍት ነው፤ የሚዘጋውም ምናልባት ከአንባብያን አንዱ ይሆናል።